ጭነቱ ሲራገፍለት የማይፈነጨው የአየር መርከብ

የልጄን ልጅ ከዚያ ጉድ ላይ ላስቀራት ስገሰግስ፣ ዳቦ ይዛ ከሱቅ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እሷና ባልደረቦቿ በጋዝም በሞተርም የሚነሳ የአየር መርከብ ሠርተው፣ ዛሬ ከሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስነሱት ነው። እሷ የጋዙን ግፊት ልትቆጣጠር ውስጡ ልትቀመጥ! እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

«ወደ ቤት» አልኳት።

«እማማ፣ እየጠበቁኝ ነው፤ እየሄድን እናውራ።»

ይኸው፣ የእኔን እግር እንኳ መታገሥ አቅቷታል።

«እንዲህ ያለው ድሮ ነዶ ሰው ፈጅቷል። ፊደል ባልቆጥር ጆሮም የለኝ መሰለሽ?»

«ልክ ነዎት፣ ነዷል። ያኔ የሞሉት ሃይድሮጅን ነበር፤ እሳት ይወዳል። የእኛው ሂሊየም ነው፤ ክብሪት ቢጭሩበት አይነድም።»

«ንፋስስ?»

«ንፋስ ያሰጋል። ሲበረታ አንነሳም።»

እውነቱን መናገሯ አናደደኝ። ብትዋሽ ኖሮ ጎትቼ እወስዳት ነበር።

መርከቡ የተሠራበት መጋዘን ጋ ደረስን። በሩ ተከፍቶ ያ ጉድ ይታያል፤ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሦስት የጠገቡ ላሞች ይመስላል።

«ስሚ፤ አህያ ጭነቱን ሲያራግፉለት ይፈነጫል። ይሄስ ያራገፋችሁለት ቀን ይዟችሁ ሽቅብ አይሄድም?»

ይሄኔ ቆመች።

«የድሮዎቹ ይሄዱ ነበር፤ ስለዚህ ጭነት ባወረዱ ቁጥር ውሃ ወይ አሸዋ ይተኩላቸው ነበር። ይሄኛውን ግን ጋዙ ብቻውን አያነሳውም። ቀሪውን የሚያነሳው ሞተሩና እንደ ክንፍ የተሠራው ገላው ነው። ባዶውንም ከአየር ይከብዳል፤ ካረፈበት አይነቃነቅም።»

«ሞተሩ ቢጠፋስ?»

«እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ጋዙ ደግፎ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል።»

«እሺ፣ ለምን አንቺ? ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ጋዙን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ እማማ። የሞላሁትን ሌላ ሰው ይሞክርልኝ?»

እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ያበሰልኩትን ራሴ ሳልቀምስ ለሰው አቅርቤ አላውቅም።

እሷ የነገረችኝን ጥቅሙን ከእኔ ስሙ። ማኮብኮቢያ አይፈልግም፤ ሜዳም ረግረግም ይበቃዋል። ድልድዩን ጎርፍ ለወሰደበት አገር የውሃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ተሸክሞ ይደርሳል። ከአውሮፕላን ያነሰ ነዳጅ ይጠጣል። ቀርፋፋ ነው ይላሉ፤ መንገድ እስኪሠራ ዕድሜውን ሙሉ ለሚጠብቅ ሰው ግን ምኑ ቀረፈፈ? እናንተም ልጆቻችሁን ከመከልከላችሁ በፊት ጠይቁ። ከዋሹ ጎትቱ፤ መልስ ካላቸው ልቀቁ።

«ሂጂ» አልኳት።

ባልደረቦቿ የመጋዘኑ አጥር ሥር ወንበር አመጡልኝ። እሷ እስክትወርድ አልቀመጥም ብዬ መለስኩት።