በጥር ያበበው ቡና

በጥር ወር አንድ ጠዋት ጭሮ ገበያ አጠገብ ከባጃጅ ስወርድ ጎረቤቴን አባ ጂብሪልን አገኘኋቸው። አዲስ የተሳለ መጥረቢያ ይዘዋል። እኔ መምህር ነኝ፤ የማያገባኝን መጠየቅ ልማዴ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም አባ ጂብሪል፤ መጥረቢያው ለምንድን ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። ቡናዬን ልቆርጥ ነው። በመጋቢት ማበብ ሲገባው በጥር አበበ! ይህ ለቤት ደግ አያመጣም። ጫት እተክልበታለሁ።»

ተከትያቸው ሄድኩ። ጓሮው ነጭ በነጭ ሆኗል። ግብርና ተምራ የተመለሰችው ልጃቸው ኢንሳፍ አንዱን ቡና ተደግፋ ቆማለች።

«አባ፣ እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ የተከለችውን አይቁረጡብኝ! አልችለውም።»

«እኔስ መች ቻልኩት? ግን ዛፉ አብዷል፣ ልጄ።»

«አቦ፣ ዛፍ አያብድም! የቡና እምቡጥ በደረቁ ወራት ተኝቶ ውኃ ይጠብቃል። ደህና ዝናብ ካገኘ በስምንት በዐሥር ቀን ይፈነዳል፤ ወር አይቆጥርም። በታኅሣሥ መጨረሻ ያ ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ የለም እንዴ?»

«ዝናብማ ስንት አየሁ!»

እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ ከሽማግሌው ጋር ነበርኩ። ኢንሳፍ ግን ጓሮው ዳር ወዳለው የአባቷ ባጃጅ መጠለያ ጠቆመች። ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ያለችው ቡና ብቻ አላበበችም።

«መጥፎ ምልክት ከሆነ ይቺን ለምን ማራት? ዝናቡ ስላልደረሳት ነው። ዛሬ ውኃ ላጠጣት። በዐሥር ቀን ካላበበች መጥረቢያውን ራሴ አቀብልዎታለሁ።»

አባ ጂብሪል ጢማቸውን ዳሰሱ። «ይሁን፤ ኢንሻላህ እናያለን።»

ሦስት ጀሪካን ውኃ አጠጣቻት። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት መልስ ያቺን ቡና ሳያዩ ሻይ አይቀምሱም፤ እኔም ሰበብ እየፈለግሁ ብቅ እል ነበር። በስድስተኛው ቀን ምንም የለም። በዘጠነኛው ቀን አባ ጂብሪል የቤቴን በር ደበደቡ።

«መምህር! ና፣ ና እይ!»

ከመጠለያው ሥር ያለችው ቡና ነጭ ለብሳለች።

«ሱብሃነላህ!» አሉ አባ ጂብሪል ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። «የሚስቴን ልፋት በገዛ እጄ ላጠፋው ነበር። አሁንስ ምን ይሻላል፣ ኢንሳፍ?»

«ዝናብ የጣለበትን ቀን እንጻፍ። በልግ እስኪገባ ድርቁ ፍሬውን እንዳያረግፈው ሥሩን በገለባ እንሸፍን። ዘንድሮ ፍሬው ቀድሞ ይቀላል፤ የለመድነውን ወር ከጠበቅን ረግፎ መሬት ላይ ይቀራል። አየሩ ሲለወጥ ዛፉን ማየት ነው እንጂ ቀን መቁጠር አያዋጣም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና መጥረቢያውን አነሱ። ልይዛቸው ተራመድኩ። እሳቸው ግን ባጃጃቸውን ገፍተው አወጡና የመጠለያውን ምሰሶ ይቆርጡ ጀመር።

«ባጃጁ ፀሐይ ይሙቅ፤» አሉ። «ይቺም እንደ እህቶቿ ዝናብ ታግኝ።»