ባባ ከመጋረጃው ውጭ ሲቀሩ

አል አመራት ውስጥ የምነዳላቸውን ኦማናዊ አሠሪዬን ባባ ነው የምላቸው። ራሴን አዞረኝ ብላቸው ክሊኒክ ወሰዱኝ። ወሰዱኝ ስላችሁ፣ የነዳሁት እኔው ነኝ! ነርሷ "እንቅልፍ ትተኛለህ?" ስትለኝ ባባ ቀድመው፣ "እንደ ሬሳ!" አሏት። "ምግብስ?" "ከእኔ በላይ!" ልጅቷ በአክብሮት፣ "አባቴ፣ የታመመው እሱ ነው፤ ውጭ ይጠብቁን" ብላ መጋረጃውን ጋረደችባቸው። ወይ ጉድ! እኔ ቃላቸውን እንኳ አቋርጬ አላውቅም። ሌት እንግዳ፣ ጠዋት ተማሪ ሳመላልስ እንቅልፍ ማፊ፣ ጨርሶ እንደሌለኝ ዘረገፍኩላት።

ስንወጣ ባባ "ምን ሆነ?" ቢሏት፣ "ከፈቀደ እሱ ይንገርዎት። ብቻ ዛሬ መሪ አይነካም" አለቻቸው። ባባ ወደ እኔ ዞሩ። "ኻላስ፣ በቃ ቤት ስንገባ እነግርዎታለሁ" ብዬ ቁልፉን አስረከብኳቸው። ከዚያማ ከኋላ ወንበር ተንፈላስሼ፣ "ያላ ባባ፣ ቀስ ብለው ይንዱ!"