የባጄ ዳንዳፓኒ ጎደሎ ገጽ

ዝናቡ ታንሴን ከተማ ላይ ሳይታሰብ ባይወርድ ኖሮ ኢሊሻ ራና ከማመልከቻ ጸሐፊው የላስቲክ ዳስ ሥር ባልተጠለለች ነበር። ካትማንዱ ኮምፒውተር የምታስተምር ወጣት ናት፤ ለእረፍት እናቷ ዘንድ መጥታለች። ዳሱ የዳንዳፓኒ ቡሳል ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጅ ተቀምጠው ለአገሩ ሰው ማመልከቻ ጽፈዋል፤ ትንሽ ትልቁ «ባጄ» ይላቸዋል፣ አያት ማለት ነው። ዘንድሮ ብዕራቸውን ልጃቸው በላከላቸው ላፕቶፕ ለውጠዋል። ከጎናቸውም አንድ ካርቶን ተሰቅሏል፦ «የመሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ ተበላሽቷል፤ ሌላ ቀን ኑ።»

ከፊታቸው አራት ሰዓት በእግሯ የተጓዘች ጁን ማያ የምትባል ሴት ቆማለች። የልጇ የነርስ ትምህርት ቤት ምዝገባ ዛሬ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል። አሥር ሰዓት ደግሞ አልፏል።

«ይኸው እይው፤» አሉ ባጄ ስክሪኑን አዙረው። «ጽሑፉ አለ፤ ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ መላኪያው ቁልፍ የለ። መንግሥት መጀመር እንጂ መጨረስ አያውቅም። እኔ ምን ላድርግ?»

«ታዲያ ልጄን ምን ብዬ ልያት?» አለች ጁን ማያ።

ኢሊሻ ዝም ማለት አልሆነላትም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ባጄ፤ መሥሪያ ቤቱ ከመወቀሱ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቢጣራስ?»

«አንቺ ደግሞ ማነሽ? ዝናብ ያመጣሽ እንግዳ!»

«ዝናቡ እስኪያባራ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ፣ የሚያጣራ እንግዳ ይሻላል።»

ባጄ ሳቅ አመለጣቸው። «እስቲ አጣሪ፣ የኔ ዳኛ።»

ገጹን እንደገና ከፈተችው፤ ያው ጎደሎ። የሌላ መሥሪያ ቤት ገጽ ሞከረች፤ እሱም ራቁቱን መጣ። ከዚያ ባትሪው ሊያልቅ የደረሰ ስልኳን ከባጄ ኢንተርኔት ጋር አገናኘችና የምዝገባውን ገጽ ከፈተች። ሥዕሉ፣ ቀለሙ፣ አረንጓዴው ቁልፍ፣ ሁሉም ከች አለ። ወዲያው ስልኩ ጠፋ።

«አዩ? በዚሁ መስመር ይኸው ገጽ ሙሉ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱም የመስመሩም አይደለም።»

«በኔ ላፕቶፕ ልትፈርጂ ነዋ! በገዛ እጄ ለበረከት ቀይ የቀባሁትን!» እውነትም ክዳኑ ላይ የበዓል ቀይ ዱቄት ደርቋል።

ኢሊሻ ገጽ መክፈቻው ብራውዘር ያጠራቀመውን አሮጌ ቅጂ አጠፋች፤ ሌላ ብራውዘርም ሞከረች። ምንም። ዝናቡ አባራ። ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ትከሻውን ሰብቆ መንገዱን ይቀጥላል። እሷ ግን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«መቼ ጀመረው?»

«ከአዲስ ዓመት ወዲህ።»

«ያን ዕለት ምን አደረጉለት?»

ባጄ ኮራ አሉ። «ቀይ ቀባሁት፤ ዘመኑንም አስተካከልኩለት። ሃምሳ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር እኮ! የአገራችን ዘመን 2081 እያለ ለምን በባዕድ ዘመን ይቁጠር?»

«ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያ አያሳይዎትም?»

«ያሳየኛል። ‹ይሁን ግባ› እለዋለሁ። ማሽን ሊያስፈራራኝ?»

«ባጄ፣ ጊዜው ያለፈበት ማህተም ያለው ወረቀት ቢመጣልዎ ይቀበላሉ?»

«ከደጄ አላሳልፈውም!»

«ላፕቶፕዎም ጠባዩ የእርስዎ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ‹ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይጸናል› የሚል ማህተም ይዞ ይመጣል። ዓመቱን ወደ ፊት ስለገፉበት ማህተሙ ሁሉ ድሮ ያለፈበት ይመስለዋል። ‹ግባ› ሲሉት ጽሑፉን የያዘውን ጌታ ያስገባል፤ ሥዕሉንና ቁልፉን ተሸክመው በሌላ በር የሚመጡትን አሽከሮች ግን ውጭ ያስቀራል።»

ባጄ ጢማቸውን አሻሹ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የከበዳቸው መቀበሉ ነው። «ዘመንህን ካድ ነው የምትዪኝ?»

«አይደለም። ዘመናችን ለሠርጉ፣ ለበዓሉ፣ ለግድግዳዎ ይኑር። ይኼ ግን የሚነጋገረው ከዓለም ጋር ነው፤ ዓለም የተስማማበትን ቀን ይስጡት።»

«ባጄ፣» አለች ጁን ማያ፣ «ልጄ በሁለቱም ዘመን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ይቀይሩት!»

ሽማግሌው በገዛ ጣታቸው ቀየሩት። ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ ሥዕሉ፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ በመጨረሻም አረንጓዴው ቁልፍ መጣ። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የልጅቷ ፎርም ሄደ፤ «ተቀብለናል» የሚል መልስም መጣ። ጁን ማያ ጎንበስ ብላ የባጄን እግር በግንባሯ ነካች።

እሳቸው ግን ፊታቸው አልፈካም። «በዚህ ካርቶን ሦስት ወር ሙሉ ስንቱን መለስኩ?» አሉ። አውርደው ገለበጡትና በዚያ በተመሰገነ የእጅ ጽሑፋቸው ጻፉ፦ «ገጹ ቢጎድል፣ ሌላው ገጽስ? ሌላው መሣሪያስ? አሮጌው ቅጂ ጠፍቷል? ቀኑ ልክ ነው? ማስጠንቀቂያውን አንብበሃል?»

ሰበብ ለሰነፍ ምቹ መኝታ ነው። ጥፋትን በተራ በተራ የሚፈልግ ግን ጊዜውን ያተርፋል፣ ጎረቤቱን ከከንቱ መንገድ ያድናል፣ ንጹሑንም አይወቅስም። ባጄ ይህን በቃል አልተናገሩትም። መዝገባቸውን ገልጠው የመለሷቸውን ሰዎች ስም ከላይ ጀምረው አነበቡ፤ መነጽራቸውን አስተካክለውም ለመጀመሪያው ሰው ስልክ መደወል ጀመሩ።