ሳይጠፋ የተኛው ማሽን

ከክሊኒኩ በር ልጄን ይዤ የዊንጌት ታክሲ ስገባ፣ የክሊኒኩ የኮምፒውተር ሠራተኞች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወጣት፣ ከፊታችን ተቀምጠው ይጨቃጨቁ ነበር።

«ፕሮግራሙን ከመቀየርህ በፊት በውስጡ የሚሠራውን፣ የላቦራቶሪው መዝገብ ያለበትን ቨርቹዋል ማሽን አጥፋው አላልኩህም?»

«ቶሎ እንዲነሳ ብዬ አስተኛሁት።»

«አስተኛሁት! ሕፃን ነው? አሮጌው ያስተኛውን አዲሱ ፕሮግራም አያስነሳም ተብሎ ተጽፏል እኮ!»

«ያንን ሁሉ ማን ያነባል?»

«አንተ! ሥራህ ምን ሆነና!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

«በቃ፣ አሮጌውን መልሰን እንጫነው።»

«የታለና? ደምስሰኸዋል!»

«በግድ ካስነሳነውስ?»

«ጠዋት ተጽፎ ሴቭ ያልተደረገው የደም ምርመራ ውጤት በሙሉ ይጠፋል።»

«እንግዲያ ሰዎቹ እንደገና ደም ይስጡ።»

«ያንተን ይቅዱልን!»

ልጄ ክንዱ ላይ የተለጠፈለትን ጥጥ ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት።