ፍርዱን ቆሞ፣ ምክንያቱን ተቀምጦ

ቅናት የያዘው ሰው ቅናቱን በስሙ አይጠራውም። አንዱ «ፍትሕ ይከበር ብዬ ነው» ይላል፤ ሌላው «ለእሷው አስቤላት ነው» ይላል። እኔ ደግሞ «ነጥብ ነጥብ ነው» እል ነበር። ይህን የምጽፈው በሕግ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው የአጠገባቸውን ልጅ ውጤት በዓይናቸው ጥግ ለሚሰርቁ ወጣቶች ነው። ሌባ የሌባን መንገድ ያውቃልና፣ እኔን ቢሰሙኝ አይከፋም።

በመስከረም ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሌር ከተማ ወደብ ዳር በሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ስዘዋወር ሳላስበው ከወይዘሮ ጌሸ ጋር ተገናኘን። ወይዘሮ ጌሸ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ባላቸው ኦኮ ከሞቱ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። ከአራት ቀን በፊት በባላቸው ስም የተከራዩትን ቤት ነገር ሊጠይቁ ቢሮ መጥተው ያነጋገርኳቸውም እኔው ነበርኩ። አሁን መሬት ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው የሟቹን ጫማ፣ ባርኔጣና የግድግዳ ሰዓት ደርድረዋል። አጠገባቸው ኢምከ ተንበርክካ ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ካርቶን ትመልሳለች።

ኢምከና እኔ ሕግ አብረን ተምረን፣ ፈተናችንን ጨርሰን በአንድ ጠበቃ ቢሮ የምንለማመድ ባልደረቦች ነበርን። የቢሮው ባለቤት ወይዘሮ ሃቤና አርጅተው ነበር፤ በመጪው ጸደይ ቢሮውን ከሁለታችን ለአንዳችን ሊያስረክቡ ነበር። እኔ ያንን ቢሮ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው ኖሬያለሁ። በሩ ላይ ባለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ የራሴን ስም በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደ ቀረጽኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በእኛ አገር ሙሉ ነጥቡ አሥራ ስምንት በሆነው የመንግሥት የሕግ ፈተና ዘጠኝ ላመጣ ልጅ እናቱ ለጎረቤት ሁሉ ታወራለታለች። እኔ አሥራ ሁለት አምጥቻለሁ። ኢምከ ስድስት ነው ያመጣችው፤ እሱንም በሁለተኛው ሙከራ ነው። መጀመሪያ መውደቋን የነገረችኝ በምስጢር ነበር። ሆኖም ደንበኞች ሲደውሉ «ያቺ ልጅ አለች?» ይላሉ። «ያ ልጅ አለ?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ጌሸ? ምነው፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ምን እሆናለሁ፤ እርስዎ ያሉኝን ላደርግ ነበር። ቤቱን ለቅቄ እህቴ ዘንድ ልገባ። እሷ ያለቻት አንዲት ክፍል ናት፤ ይኼ ሁሉ ዕቃ የት ይገባል? ደግነቱ ይቺ ልጄ በዚህ ስታልፍ አየችኝ።»

ለእሷ «ልጄ»፣ ለእኔ «እርስዎ»። ይህችም ቆጠቆጠችኝ።

«እኔ መቼ ነው ቤት ይልቀቁ ያልኩት?»

«‹አከራዩ ቤቱን የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይችላል› አላሉኝም? በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

«ብያለሁ፤ ግን እሱ እኮ መነሻው ነው! ከዚያ ቅድመ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ እየመረመርኩ ‹የለም፣ መብት የለውም› ወደሚለው ስመጣ እርስዎ ብድግ ብለው ወጡ። ባል ሲሞት አብራው የኖረች ሚስት በኪራይ ውሉ ትተካለች። ቤትዎ ነው!»

«ይኼንንማ ኢምከ ነገረችኝ፤ እዚሁ እንደ ቆምኩ ነው የነገረችኝ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «የኦኮን ኳስ ግን ሸጫታለሁ።»

ኳሷን አውቃታለሁ፤ በመንደራችን የማያውቃት የለም። ኦኮ አርባ ዓመት ሙሉ በብርዱ ወራት ከጎረቤቶቻቸው ጋር በገጠር መንገድ ላይ ማን አርቆ ያንከባልል እየተባባሉ ሲወረውሯት የኖሩት የእንጨት ኳስ ናት፤ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ተቀርጾባታል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ የሙያችንን ደዌ ልንገርህ። የሕግ ተማሪ በፈተና ሲጽፍ «እንዲህ ሊሆን ይችላል» ብሎ ይነሣል፤ ቀጥሎ ለዚያ የሚያስፈልገውን ሁሉ እየነቀሰ ይመረምራል፤ መልሱ የሚመጣው በመጨረሻው ገጽ ነው። መልሱን ያስቀደመ ነጥቡ ይቀነስበታል። እኔ በዚህ አጻጻፍ ከመራቀቄ የተነሣ እናቴ «እራት በልተሃል?» ብላ ብትጠይቀኝ እንኳ በ«ሊሆን ይችላል» ነበር የምጀምርላት። የፈተና ወረቀት ግን ልቡ አይመታም፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ታግሦ ይጠብቃል። ባሏን የቀበረች ሴት ይህ ትዕግሥት የላትም።

ካርቶኖቹን ተሸክመን ወደ ወይዘሮ ጌሸ ቤት አመራን። እሳቸው ሰዓቱን አቅፈው ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔና ኢምከ ከኋላ እንከራከራለን።

«የጀመርኩትን ሳይጨርሱ የወጡት እሳቸው ናቸው» አልኳት። «እኔ ምን አጠፋሁ? ሐኪም እንኳ ሳይመረምር አይናገርም።»

«አዎ፣ ሐኪም ዝም ብሎ ነው የሚመረምረው። ሆድህን እየዳሰሰ ‹ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም በመጀመሪያ ደረጃ…› እያለ ቢያዜምልህ ጫማህን ሳታስር ነው የምትፈረጥጠው!»

«አሾፍሽ። ሕግ ጥንቃቄ ይፈልጋል።»

«ይፈልጋል። ቤትህ ተቀምጠህ ተጠንቀቅ፣ ገጽ በገጽ መርምር። ሰው ፊት ስትቀርብ ግን መጀመሪያ የመጣበትን ንገረው። ለመሆኑ ምን እንደሚያስፈራቸው ጠይቀሃቸዋል?»

«የኪራይ ውሉ የተፈረመበትን ቀን ጠይቄያለሁ።»

«ወይ ፎልከርት!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው ይበልጥ የጠላሁት።

«ይኼን ሁሉ ያስተማረሽ ያ የንግግር ኮርስ ነው?» አልኳት። ማንኛውም የሕግ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር መናገርና መደራደር የሚለማመድበትን ኮርስ መውሰድ ግዴታው ነው። እኔ የመረጥኩት ፈርመው የሚያንቀላፉበትን ነበር። «ጥንድ ጥንድ ሆኖ እየተቀመጡ ‹እሺ፣ ሰማሁህ› መባባል! የሕፃናት ጨዋታ ነው።»

«ለአንተ ጨዋታ ነው። እኔ ወድቄ ስለ ነበር ሰው ፊት አፌ ይተሳሰር ነበር። እዚያ የተማርኩት ግን መናገር ብቻ አይደለም፤ አምስት ደቂቃ ብዕር ሳላነሣ ማዳመጥ ነው። እሱ ይከብዳል። አንተ ሰውየው ሁለት ቃል ሳይተነፍስ አንቀጽ ፍለጋ ትሮጣለህ።»

«ጣፋጭ ምላስ ሕግ አይሆንም፣ ኢምከ። አንቺ ስድስት ነጥብሽን በፈገግታ ትሸፍኛለሽ።»

ይህን ስናገር ደስ አለኝ፤ አልክድም። ኢምከ ካርቶኑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እንግዲያው አሥራ ሁለቱን ለወይዘሮ ጌሸ አሳያቸዋ» አለች ቀስ ብላ። «ምናልባት ኳሷን ይመልስላቸው ይሆናል።»

እሑድን ሙሉ ቃሏ ጆሮዬ ላይ ሲያቃጭል ዋለ። ብልህ ሰው ቢሆን ጥፋቱን ያስብ ነበር። እኔ ያሰብኩት ግን ወይዘሮ ሃቤና የኳሷን ነገር ሳይሰሙ እንዴት ልቅደማት የሚለውን ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍላቸው ገባሁ።

«አንድ ማወቅ ያለብዎ ነገር ያለ ይመስለኛል» ብዬ ጀመርኩ። «ለቢሮው ክብር ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። ስለ ኢምከ ውጤት ብዙ ሊባል ይችላል። በመጀመሪያ ደረጃ…»

«ዳር ዳር አትበል፣ ፎልከርት። ምንድን ነው?»

«ፈተናውን አንዴ ወድቃለች።»

ወይዘሮ ሃቤና መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከመሳቢያ አንድ ደብዳቤ አውጥተው አነበቡልኝ። «‹የተከበሩ ወይዘሮ ሃቤና፤ የመንግሥቱን ፈተና አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ፤ በሁለተኛው ስድስት ነጥብ አገኘሁ። ይህን አውቀው ሊያነቡኝ ከፈቀዱ እቀጥላለሁ።› የማመልከቻዋ የመጀመሪያ መስመር ነው። ያንተን ማመልከቻ ስንት ገጽ አንብቤ ነው የምትፈልገው የገባኝ? አራት!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በምስጢር የነገረችኝን ነገር ልሸጠው ስመጣ፣ የምስጢሩ ባለቤት ራሷ በአደባባይ ሰጥታዋለች።

«ቢሮውን ለኢምከ ሰጥቻለሁ» አሉ። «ከሳምንት በፊት የወሰንኩት ነው፤ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።»

ያ የነሐስ ሰሌዳ ታየኝ፤ የኢምከ ስም ተቀርጾበት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ በሰው ቀንቼ አላውቅም።

«አሁን ቁጭ በል። እስቲ ልጠይቅህ፤ ችሎት ላይ ፍርድ ሲነገር ምን እንሆናለን?»

«እንቆማለን።»

«ዳኛው መጀመሪያ የሚያነበው ምንድን ነው?»

«ውሳኔውን። ማን እንደ ረታ፣ ማን እንደ ተረታ።»

«ከዚያስ?»

«እንቀመጣለን። ምክንያቱ በወንበራችን ሆነን ይነገረናል።»

«ለምን ይመስልሃል? ሰው ፍርሃቱን ተሸክሞ ምክንያት መስማት አይችልም። መጀመሪያ ሸክሙን አውርድለት፤ ከዚያ የፈለግከውን ያህል አስረዳው። ይኼ የቆየ የችሎት ወግ ነው፤ አንተም በየሳምንቱ ትቆማለህ፣ ትቀመጣለህ፤ ግን ለምን እንደሆነ አስበህ አታውቅም።»

እውነት ነው፣ አስቤ አላውቅም።

«እሺ፣ እኔስ ምን ልሁን?» አልኩ በመጨረሻ። «ዳኝነት ወይም እንደዚህ ያለ ቢሮ ካልሆነ የቀረው የወዳቂ ሥራ ነው።»

«ይኼን ደግሞ ማን አስተማረህ?» አሉ ተቆጥተው። «ኢምከ እኔ ባልወስዳት የተከራዮች ማኅበር በሁለት እጁ ነበር የሚቀበላት። አብሮኝ የተማረ አንድ ሰው ሸምጋይ ሆኖ ወንድማማቾችን ርስት ያከፋፍላል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ በሰላም የሚተኛ ሕግ አዋቂ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ሌላዋ ሚኒስቴር ገብታ ሕግ ታረቃለች፤ አንዱን አንቀጽ ገበሬ እንዲገባው አድርጎ መጻፍ ቀላል መሰለህ? በከተማ አስተዳደር፣ በኢንሹራንስ፣ በጋዜጣም ሰው ይፈለጋል። ዐቃቤ ሕግ ብትሆን የተደፈረች ልጅ ፊትህ ትቀመጣለች፤ ያኔ ‹ሊሆን ይችላል› ብለህ ልትጀምርላት ነው? ነጥብህ በር ያስገባሃል፣ ፎልከርት። ከገባህ በኋላ ግን ከሰው ጋር ነው የምትኖረው። ደግሞ አንተ ጥሩ ዳኛ ይወጣሃል፤ አንደበትህን ከገራኸው።»

ተረታሁ።

የምክራቸውን ፍሬ ሳልሸሽግ ልናገር። በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት ያንን የናቅሁትን ኮርስ ማንም ሳያስገድደኝ ከሁለተኛ ዓመት ልጆች ጋር ተማርኩ፤ አዛውንቱ እኔ ነበርኩ። ዛሬ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳኛ ነኝ። ውሳኔዬን በሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር እናገራለሁ፤ ምክንያቱን የተረታውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ አስረዳለሁ። ለምን እንደ ተረታ የገባው ሰው ተበድያለሁ ብሎ አይብሰለሰልም፤ ይግባኝ የሚለውም ጥቂት ነው። ወደ ችሎቴ ለልምምድ የሚመጡ ወጣቶች በሩ አንድ ብቻ እንዳልሆነ፣ በየትኛውም በር ቢገቡ ግን ማዳመጥና ግልጽ መናገር አብሯቸው መግባት እንዳለበት ከእኔ ይሰማሉ። ነጥባቸውን ግን አልጠይቃቸውም።

ይህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። የዚያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ዕዳ ነበረብኝ። ኳሷን የገዛው የጎረቤት መንደር ዳቦ ጋጋሪ እንደሆነ ሰምቼ ሄድኩ። በሩን ሲከፍት «ኳሷን እንዲመልሱልኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት፤ በእኔ ጥፋት ነው የተሸጠችው» አልኩት። ሰውየው ለምን ሳይለኝ ገብቶ አመጣልኝ። እኔ ግን ለመከራከር ሦስት ነጥብ አዘጋጅቼ ነበር።

ወይዘሮ ጌሸ በራቸው ላይ ኳሷን ተቀብለው በሹራባቸው ጠረጓት። «ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» አሉኝ።

ኢምከ ሳሎን ውስጥ መዶሻ ይዛ ሰዓቱን ግድግዳ ላይ ትሰቅላለች። ስታየኝ ከበርጩማው ወረደች። በልቤ ጥሩ ጥሩ መግቢያ ተሰልፎ ነበር፤ «ሁኔታውን ከተለያየ አቅጣጫ ስናየው» የሚል ዓይነት። ሁሉንም ዋጥኩት።

«ቀንቼብሻለሁ» አልኳት። «ምስጢርሽን ለወይዘሮ ሃቤና ነገርኩ። ቢሮውን እንዲከለክሉሽ ብዬ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከዚያ በላይ አልጨመርኩም። በሕይወቴ ከጻፍኩት ፈተና ሁሉ ያ ዝምታ ይከብዳል። ኢምከ መዶሻውን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችኝ። ፊቷ ቀላ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የምታባርረኝ መሰለኝ።

ከዚያ መዶሻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ አንዱን ወንበር በእግሯ ወደ እኔ ገፋችና ሌላውን ለራሷ ሳበች።

«ፍርዱን ቆሜ ሰምቻለሁ» አለች። «ተቀመጥና አሁን ምክንያቱን ንገረኝ። ረጅም ነው?»

«ረጅም ነው» አልኳት። «ከአንደኛ ዓመት ነው የሚጀምረው።»