እዚያ ቤት ሁሉም እማማ ናቸው

ከአየር ጤና ቤቴል በሚሄደው ታክሲ፣ ከጎኔ ሁለት ሴቶች ጨዋታ ይዘዋል።

«እናትሽ መጦሪያው ተስማማቸው?»

«ምን ይስማማታል! የሌላ ሴትዮ የስኳር መድኃኒት አስውጠዋት ራሷን ስታ ወደቀች።»

«በስመ አብ! እንዴት ተሳሳቱ?»

«አስታማሚዋ ‹ይኼን ለእማማ ስጪ› ተብላ ነዋ። እዚያ ቤት ሁሉም እማማ ናቸው።»

«ስም የላቸውም እንዴ?»

«ጠየቅኳቸው! ‹ትልቅ ሰው በስሙ መጥራት ነውር ነው› አሉኝ።»

«መግደሉስ ነውር አይደለም?»

«እሱማ በአክብሮት ነው! በሩ ላይ ደግሞ ‹ደረጃውን የጠበቀ› ብለው ለጥፈዋል።»

«ደረጃውን የጠበቀው በሩ ይሆናላ!»

«አሁን ላወጣት ነው የምሄደው። ወራጅ አለ!»

ልትወርድ ተነስታ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ።»

እግሬን ሰበሰብኩላትና ስሜን በልቤ ደጋገምኩት።