ወጥቶ አልወርድ ያለው ማጨጃ

እንዴት አደርሽ የኔ እህት? ጉንፋኑ ተሻለሽ? ድምፅሽ ዛሬ ጠርቷል፤ ትናንት እኮ ስታወሪ አየር የሚያስተነፍስ ጎማ ነበር የምትመስይው።

እስቲ እዚህ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ልበል። ጋራዡን ማን ጠረገው? አንቺ? ዕቃ ግምጃ ቤቱን ጠብቀሽ፣ ደግሞ መጥረጊያ ይዘሽ! እኔማ ከሹፌርነት ወደ ውሃ ማጠጣት ከተዛወርኩ ይኸው ሦስት ሳምንቴ። ደስ ይላል! አሥራ አንድ ዓመት ያ የአትክልት ትራክተር ወገቤን ሲያንገጫግጨው ከርሞ፣ አሁን ቱቦዬን እየጎተትኩ እንደ ጡረተኛ እንሸራሸራለሁ። ሣሩን አየሽው? ጉልበት ደርሷል። ትናንት የእንግዳ ማረፊያው እንግዶች ድመታቸው ጠፍታባቸው ሲፈልጉ ዋሉ... እሷ ለካ መንገዱ ዳር ነው የተኛችው፣ ሣሩ ሸፍኗት።

ምንድን ነው የያዝሽው ወረቀት? እ... የአዲስ ፓምፕ መጠየቂያ። አምጪው፣ መነጽሬን ይዣለሁ። «የትራክተሩ ሣር ማጨጃ ማንሻ በሹፌሯ አያያዝ ጉድለት ስለተበላሸ...» ሹፌሯ እኔ ነኝ አይደል? እንዴት ያለ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ! አንቺ ከፈረምሽበት ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ ያቺን መቀመጫ ዳግመኛ አልቀመጥባትም ማለት ነው። አይ፣ ፈርሚም አትፈርሚም አላልኩም። ምን ቆርጦኝ! ብቻ እስክሪብቶሽ ትንሽ ትረፍ...

እኔ እኮ የማደንቀው ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ እዚያ ትራክተሩ ስር ብቅ ያሉት ጫማዎችም የማን እንደሆኑ አላውቅም። አዲስ ናቸው፣ በደስታ ያስረጃቸው! አንዳንድ ሰው ትጉህ ሆኖ ይፈጠራል። ማጨጃው ወጥቶ አልወርድ ሲል ሌላው ሰው ምን ያደርጋል? ከቀላሉ ይጀምራል። አንዳንድ መካኒክ ግን ቀላል ነገር ለክብሩ አይመጥነውም። ማጨጃውን ገፍቶ የሚያነሣውን የሀይድሮሊክ ዘይት ቀየረ። ፊልትሮውን ቀየረ። ቱቦዎቹን ፈትቶ መልሶ አሰረ። ፓምፑን አውርዶ ብሎኖቹን ሳህን ላይ ደረደረ፤ መልሶ ሲገጥመው ሁለት ተረፉት። ቁጠባውን አየሽ? ፋብሪካው ያባከነውን እሱ አተረፈ!

ለነገሩ የተማረ ሰው ነው። ስለ ደህንነት ያስተማረን ቀን ትዝ ይልሻል? ሁላችንም እዚሁ ተሰልፈን። ማጨጃውን ሽቅብ አነሣው፤ «ከስር ገብታችሁ ስትሠሩ እንዳይወርድባችሁ መጀመሪያ ይህችን ዝጉ» ብሎ ከመቀመጫው ስር ያለችውን ጥቁር የዘይት መዝጊያ ጥምዝዝ አድርጎ ዘጋት። እሷ ከተዘጋች ዘይቱ አይመለስም፣ ማጨጃውም ንቅንቅ አይልም። እንዴት አምሮበት ነበር! አጨበጨብን። ፎቶ ተነሣን። ሻይ ሄድን... ከሻይ መልስ ማጨጃው አልወርድ አለ። ይገርማል አይደል? ምን ነክቶት ይሆን?

እኔ ሞኟ «ወንበሩን አንሥተን ያቺን መዝጊያ ብናያትስ?» ብዬ ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ይንዱ፤ ማሰቡን ለእኛ ይተዉት» ተባልኩ። እንዴት ያለ ለሰው አዛኝ ነው! ጭንቅላቴን ከድካም ሊያሳርፍልኝ እኮ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። አሁን ግን ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከስር ተንጋልሎ ሲሠራ፣ ያ ሁሉ ብረት ያልወረደበት ለምን ይመስልሻል? ዘግቶ የረሳት መዝጊያ እኮ ናት ይዛ ያቆየችለት! ሰውን መርሳቱ ሲጠብቀው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኛ ጠባቂያችን ማስታወስ ነው... አልታደልንም።

በይ እስቲ እነዚያን ጫማዎች ጥሪልኝ። ወጥተው ግድግዳው ጋ ይቁሙ። ራቅ... ትንሽ ራቅ... ጎሽ። ሰው ከስር እያለ መዝጊያ አይከፈትማ፤ ተምረናል። አሁን ወንበሩን ላንሣው። አየሻት? አቧራ ለብሳ ቁጭ ብላለች። አትስጊ፣ ማሰብ አይደለም ይሄ፣ መጠምዘዝ ነው። አንድ ዙር... ሁለት... አሁን ማንሻውን ወደ ታች...

እዪው! እዪው ሲወርድ! ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ውሻ ተኛ። ኧረ ልቤ ቅቤ ጠጣ!

ወረቀቱን አትቅደጂው፣ ያሳዝናል፣ ተደክሞበታል። ጀርባው ንጹሕ ነው፤ «ሹፌሯ ከዛሬ ጠዋት ጀምራ ሣር ታጭዳለች» ብለሽ ጻፊበትና በእሱ ላይ ፈርሚ። ወዲያ አትዪ፣ ሰው ፊቱ ሲቀላ አይታይም... ሙቀቱ ይሆናል።

እኔ በማንም ቂም የለኝም። እንደውም ልመርቅ። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ከዚህም በላይ ከፍ ከፍ ያድርገው። ትልቅ ወንበር ላይ፣ ሁላችንም አንጋጠን የምናየው ቦታ ያስቀምጠው... ታዲያ ወጥቶ መውረድ ያቃተው ቀን፣ ማሰብ የማይፈቀድላት አንዲት ሹፌር አያሳጣው። ቀስ አድርጋ ታውርደው።

አሜን በይ እንጂ! ጮክ ብለሽ፣ ግድግዳው ጋ እንዲሰማ።